መገለል ድፍረት የሚወልድበት የዲስቶፒያ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ዲስቶፒያ፣ ማለትም ጭቆና የነገሠበትን ምናባዊ ዓለም ታሪክ፣ ለመጻፍ ሮቦት አያስፈልግም፤ አንድ ክፉ ሕግ ይበቃል። ሕጉ ሰዉ ከለመደው ነገር ቢነሳ ደግሞ ይሻላል። ጎጃም ላይ ጥሬ ዕቃው ሞልቷል። ብረት ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ሐሜቱ አልቆመም።

መጀመሪያ ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ ወደፊት፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለች ከተማ፣ መዝገብ ላይ «ዓይነ ክፉ» የተባለ ሰው ከቦኖ ውሃ አይቀዳም። በቃ። የመንግሥቱን አወቃቀር በሦስት ገጽ ብትተነትኑ አንባቢ ይዘለዋል።

ባለታሪኳ ሸክላ ሠሪ ትሁን።

አሁን ከባዱ መጣ። ብዙ ጀማሪ «ተገፋች፣ ተናደደች፣ ተነሳች» ብሎ ያልፋል። ንዴት ግን እስኪነጋ ይበርዳል። ይልቅ መገለሉ ምን እንደሰጣት ጠይቁ። ሌሊት ጅብ ትሆናለች ስለሚሏት፣ ከጨለመ በኋላ በደጇ የሚያልፍ የለም። ጠባቂዎቹም ይፈራሉ። ስለዚህ በከተማው ውስጥ የማይፈተሸው ቤት የእሷ ብቻ ነው! ስሟን ያጠፋው ወሬ መሸሸጊያ ሆነላት ማለት ነው። ድፍረቷ ከዚህ ይምጣ።

«የምታጣው ነገር የላትም» የምትባለዋን አቋራጭ አልወዳትም። የሚያጣው የሌለው ሰው ቢደፍር ምን ይደንቃል? በሐሰት ስም ትምህርት ቤት ያስገባቻት ልጅ ትኑራት። ከዚያ፣ ቀን ቀን ሕፃኗን ከእሷ ዓይን በነጠላ የምትሸፍን ጎረቤት አንድ ሌሊት ሕፃኑን ታቅፋ በሩን ታንኳኳ። ወታደር እያሳደዳት ነው። ትክፈት አትክፈት? እዚህ ላይ ሁለት ገጽ ብታጠፉ አይበዛም። ስትከፍትም ይቅር አትበላት። ውሃ ትስጣት፣ ቂሟንም አትርሳ።

ለምልልሱ ቅኔ ይጠቅማችኋል። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባፈራ አገር፣ ጆሮ ጠቢ ባለበት ሰው በግልጽ አያወራም። ሰላዩ ሰሙን ይስማ፣ ጎረቤት ወርቁን ይያዝ። አንድ ሁለቴ ብቻ ግን፤ ከበዛ ትርኢት ይሆናል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በወረቀት ብትጽፉት እመርጣለሁ፤ ስልክ ላይ ሰው ቶሎ ቶሎ ያጠፋል። ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሴትዮዋ ስለ እኩልነት መስበክ የጀመረችበት ቦታ ካለ ሰርዙት።