አጥቂ ሆነህ እንጀራ ለመብላት፦ ከሰፈር ሜዳ እስከ ውል ፊርማ

ጎል ማግባት የሚወድ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። በአጥቂነት ኑሮውን የሚመራ ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱ እግር ላይ ብቻ ያለ ይመስላል፤ አይደለም። ብዙ ጎበዝ አጥቂዎች ሲጠፉ አይቻለሁ፤ ያጠፋቸው ኳስ እግራቸው ስር በሌለበት ሰዓት ያደረጉት ወይም ያላደረጉት ነገር ነው። ይህን የምጽፈው ገና በፕሮጀክት (በታዳጊዎች ሥልጠና) ወይም በክለብ ተስፋ ቡድን ላለህ ልጅ ነው። ለሴቶቹም እንደዚያው።

ከሜዳው እንጀምር። በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ አንተ እግር ላይ የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ዋናው ሥራህ ተከላካዩ አንተንና ኳሱን ባንድ ጊዜ እንዳያይ ማድረግ ነው። ከትከሻው ጀርባ ቁም። አንተን ለማየት አንገቱን ማዞር አለበት፤ ባዞረ ቁጥር ኳሱን ያጣል። ከዚያ ወደ ኳሱ ሁለት እርምጃ ና። ተከተለህ? ቶሎ ዞረህ ከኋላው ግባ። ካልተከተለህ ደግሞ ኳሱን ተቀብለህ ፊትህን ወደ ጎል አዙር። ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣም መጀመሪያ ወደ ሩቁ ቋሚ የምትሄድ ምሰል፣ አሻጋሪው ሊመታ ቀና ሲል በተከላካዩ ፊት ቆርጠህ ወደ ቅርቡ ቋሚ ግባ። ቀድመህ ከደረስክ ግን ቆመህ ትጠብቃለህ፣ የቆመ አጥቂ ደግሞ በቀላሉ ይያዛል።

የኦፍሳይድን ሕግ እንደ ዳኛ እወቀው። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከመልስ ምት በቀጥታ በመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ይህን የማያውቅ የሊግ ተጫዋች አለ፣ በእውነት። የእጅ ውርወራ ሲሆን ከተከላካዮች ኋላ መቆም ትችላለህ ማለት ነው።

አጨራረስን በተመለከተ፣ ልምምድ ሲያልቅ ከ25 ሜትር እየመታህ አትዋል። አብዛኛው ጎል የሚገባው ከፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ነው፣ ብዙው ደግሞ በአንድ ንክኪ። ጓደኛህን ጎን ላይ አቁመው። አንዴ በመሬት፣ አንዴ እያነጠረ፣ አንዴ ከኋላህ ይላክልህ፤ አንተ ሳታቆም ምታ። ወደ ሩቁ ጥግ፣ ዝቅ አድርገህ። በረኛው ቢያድነው እንኳ ኳሱ ተመልሶ ለጓደኛህ ሊደርስ ይችላል። ደካማ እግርህን ለብቻው አሠራው። የኛ ሜዳዎች እኩል ስላልሆኑ ኳሱ መጨረሻ ላይ ይዘላል፣ እሱን ሰበብ ከማድረግ እግርህ ላይ እስኪደርስ ዓይንህን አለመንቀል ይሻላል።

ጎል የሚያገባ አጥቂ እዚህ አገር ይታያል። ዮርዳኖስ አባይ ለመብራት ኃይል ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ በአንድ የውድድር ዘመን 24 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰኑ ለ16 ዓመት ቆየ። በ2009 ዓ.ም. ጌታነህ ከበደ በደደቢት 25 አደረሰው። በ2013 አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አገባና በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። እዚያ ግን ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ይህን የማነሳው ሰውነትህ ሥራህ መሆኑን እንድታስብበት ነው።

የአጥቂ ትልቁ ጠላት የኋላ ጭን ጡንቻ ነው። ቆመህ ከቆየህ በኋላ በድንገት ትፈተለካለህና። ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይያዝ፣ ከጉልበትህ ጀምሮ ቀጥ ብለህ ቀስ እያልክ ወደፊት ውደቅ፣ ልትወድቅ ስትል በእጅህ ተቀበል። በጥቂቱ ጀምረህ ጨምር፣ የጨዋታ ዋዜማ ላይ ግን አትሞክረው። ፊፋ 11+ የሚባለው ማሟሟቂያም አለ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ መሣሪያ አይፈልግም። ቡድንህ ባይሠራው አንተ ቀድመህ መጥተህ ሥራው። ያመመህን ጡንቻ ደግሞ ቦታዬን አጣለሁ ብለህ አትደብቅ። አንድ ጨዋታ ያልፍሃል ብለህ የደበቅከው ግማሽ ዓመት ሊወስድብህ ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዕድሜህን አትቀንስ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ዕድሜ ለማጣራት የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚጎዳህ ነገር የ16 ዓመት ልጅ ነህ ተብለህ የ20 ዓመቱን ፈተና ሳትፈተን መቅረትህ ነው። ክለብ ስትመርጥም የፊርማ ገንዘቡን ብቻ አትይ። ትልቅ ክለብ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከምትከርም ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ወዳለው ከፍተኛ ሊግ ወርደህ በየሳምንቱ ብትጫወት እመርጥልሃለሁ። አጥቂ የሚማረው ጎል ስቶ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሲሰለፍ ነው።

ውጭ አገር ሙከራ አለ ብሎ ለቪዛና ለማስኬጃ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ከመጣ ተወው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር አገር መዛወር አይፈቀድለትም። ፈቃድ ያለው ወኪል መሆኑን ከፊፋ ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል። መንገዱ የግድ በትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች በኩል አይደለም። ሳላዲን ሰይድ በግብፅ፣ በቤልጂየምና በአልጄሪያ ተጫውቷል። ሎዛ አበራ በማልታው ቢርኪርካራ ኮከብ ግብ አግቢ ሆና ኋላ አሜሪካ ዲሲ ፓወር ገባች።

ውል ስትፈርም የሚያነብልህ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ቅጂህንም ሳትይዝ እንዳትወጣ። በፊፋ ደንብ ውል ከ5 ዓመት አይበልጥም፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆንክ ከ3 ዓመት። ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ያለአግባብ ካልከፈለህ በጽሑፍ አስጠንቅቀህ ቢያንስ 15 ቀን ትሰጠዋለህ፣ ካልከፈለ ውሉን ማቋረጥ ትችላለህ። ይህ ደንብ ባለበት አገር ስንት ልጅ ለወራት ያለ ደመወዝ ዝም ብሎ ይሮጣል፣ ያናድዳል። ዝም ያለው ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው የፈረመው ወረቀት እጁ ላይ የለም።

ከ30 በኋላ ፍጥነትህ ይቀንሳል፣ ከጀርባ መቆምና ሰዓት መጠበቅ የተማርክ ከሆነ ግን ጥቂት ዓመት ትጨምራለህ። መንግስቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ በአጥቂነት ተጫወተ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኖ ወደዚያው ውድድር መለሰ። አንተም አሰልጣኝ መሆን ካሰብክ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ የአሰልጣኝነት ፈቃድ፣ ኮርስ ሲከፈት ጫማ እስክትሰቅል አትጠብቅ፣ እየተጫወትክ ተመዝገብ።