የአራስ ቤት አባት፦ የመጀመሪያውን ዓመት በጤና ለማለፍ

ልጅ በተወለደ ሰሞን ቤቱ በሴቶች ይሞላል። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ አጥሚት ታፈላለች፣ ሌላዋ ሕፃኑን ታጥባለች። አባትየው ሳሎን ተቀምጦ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» የሚሉትን ይቀበላል፣ በልቡ ወጪውን ያሰላል። የእሱን ጤና የሚጠይቅ የለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ግን፣ ከእርግዝናው ጀምሮ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከ10 አባቶች አንዱ ገደማ ድባቴ (ዲፕረሽን) ይይዘዋል። በብዛት የሚታየው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር ነው፤ ጠያቂው ቀርቶ፣ አማት ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ ቤቱ ጭር ሲል። እናትየዋ ድባቴ ካለባት እሱም የመታመም ዕድሉ ይጨምራል።

ፈቃድህን አትጨርሰው

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ የሥራ ፈቃድ ቀናት ብቻ ነው፤ ደመወዙ አይቆረጥም። ብዙ አባት በዚህ ላይ የዓመት ፈቃዱን ይጨምርና ሁሉንም በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርሰዋል። በዚያ ሳምንት ግን ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ አንተ የምትሠራው ወንበር ማቀበል ነው። ከዓመት ፈቃድህ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ረዳቶቹ ለሚሄዱበት ሳምንት አስቀምጥ። የምትፈለገው ያኔ ነው።

ልጁን ደረትህ ላይ አድርገው

«ሕፃን ሲጠነክር ነው የአባት» የሚባለው ጉዳቱ ለአባትየውም ነው። ከልጁ ጋር ያለው ዝምድና በእጅ ሥራ ነው የሚመጣው፤ ሥራ ያላገኘ አባት በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ለመጀመር ቀላሉ ቆዳ ለቆዳ መታቀፍ ነው። ሽቶ ሳትቀባ ሸሚዝህን አውልቅ። ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ይኑረው። ደረትህ ላይ ቀጥ አድርገህ አስተኛው፣ ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፣ አፍንጫው ክፍት ይሁን። ጀርባውን በጋቢ ሸፍነው፤ ጋቢው ግን ጭንቅላቱ ላይ አይድረስ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሕፃኑ ገና ሲረጋጋ ታነሳዋለህ።

የሚያሰጋው እንቅልፍ ነው። ዓይንህ መክበድ ከጀመረ ለእናቱ ስጥ ወይም አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛው። ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ ማሸለብ፣ በተለይ መጠጥ ከተቀመሰ በኋላ፣ ለሕፃኑ ትንፋሽ በጣም አደገኛ ነው።

ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት

ሁለታችሁም በየልቅሶው የምትነቁ ከሆነ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ። የተቆራረጠ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ የተተኛ 5 ሰዓት ያህል አያሳርፍም። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አንተ ተረኛ ሁን፣ ከ8 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት እሷ።

«እኔ ጡት የለኝ» ይላል አንዳንዱ። እናትየው ልክ 3 ሰዓት ላይ አጥብታ ትተኛ። ልጁ ሲነቃ መጀመሪያ ዳይፐሩን እይ፤ ራበው ከሆነ ወደ እሷ አምጣው፣ ሲጨርስ ተቀብለህ አስገሳውና መልሰህ አስተኛው። እሷ ከአልጋ አትወርድም። ጡት መጥባቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከ3 ወይም 4 ሳምንት ወዲያ፣ ከእናቱ ጡት የታለበ ወተት መስጠት ትችላለህ። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ግን በ4 ሰዓቱ አትመን። ሕፃኑ ከጠባው የተረፈው 2 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ልቅሶው ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። አብልተህ፣ ቀይረህ፣ አቅፈህም አልቆም ካለና ደምህ መፍላት ከጀመረ ሕፃኑን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝተህ ከክፍሉ ውጣ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተህ ተመለስ። ማልቀስ አይጎዳውም። ለጥቂት ሰከንድ ተይዞ መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል፤ ከዚህም የሚሞት ሕፃን አለ።

ድባቴ ወንድ ላይ ሲመጣ

ወንድ «ከፍቶኛል» ብሎ ሐኪም ቤት አይመጣም። የሚመጣው «ጨጓራዬን»፣ «ወገቤን»፣ «ራሴን» ብሎ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ ያመሻል፣ ሥራ ያበዛል። ለዚህ ነው ጨጓራው ሦስት ጊዜ ታክሞ የማይድነው።

በወር አንድ ጊዜ ራስህን እንዲህ ፈትን። ባለፉት 2 ሳምንታት፦ ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተህ ነበር? የመከፋት፣ የመደበር ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ነበረህ? ለእያንዳንዱ፣ ፈጽሞ ካልሆነ 0፣ ጥቂት ቀናት 1፣ ከግማሽ ቀናት በላይ 2፣ በየቀኑ ለማለት ከተቃረበ 3 ስጥ። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ይይህ። ድምሩ 0 ቢሆንም ሚስትህን «ሰሞኑን ምን ተለውጦብኛል?» በላት። እሷ የምትነግርህ ብዙ ጊዜ ከነጥቡ ይልቅ ትክክል ነው።

ጫትና መጠጥ እዚህ ላይ ይገባሉ። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ሌሊት ላይ ይሰባብረዋል። በማግስቱ የሚመጣውን ድብርት ለማራቅ እንደገና ጫት። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆንክ በአንድ ቀን አትቁረጥ፤ ካቆምክ በኋላ መንቀጥቀጥ ወይም መንዘፍዘፍ ሊመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሁን። የእንቅልፍ ክኒን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ አትዋስ፤ ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ይይዛል።

ወጪውም ያሳምማል። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ይህ አይለወጥም። ግን ክርስትና ማስነሳት ሌላ፣ ድንኳን መጣል ሌላ። ለድግሱ የምትበደረው ገንዘብ የሚከፈለው ልክ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው፤ መበደርህ ካልቀረ ይህን አስበህ ተበደር።

ግፊትህን ለካ

ከፍተኛ ግፊት አያምም፤ ስለዚህ ካልተለካ አይታወቅም። የክንድ መለኪያ ከእጅ አንጓው ይሻላል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ ከጠበበ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፤ ከመግዛትህ በፊት የክንድህን ዙሪያ በሜትር ለካና ጨርቁ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያይ።

1. ከመለካትህ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት የለም። አቦሉን ጠጥቶ መለካት አይሆንም። ሽንትህን ሽና።
2. ጀርባህን ተደግፈህ፣ እግርህን ሳታቆላልፍ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ።
3. ክንድህ ባዶ ይሁን፣ በልብህ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የጨርቁ ጠርዝ ከክርንህ እጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።
4. ሳትናገር 2 ጊዜ ለካ፣ መሃሉ 1 ደቂቃ። ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀናት።
5. የመጀመሪያውን ቀን ተወው፣ የቀሪውን አማካይ አውጣ።

ቤት ውስጥ የተለካው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መዝገቡን ይዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። ጨው ላይ ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ነው የሚመከረው። ወጡ ላይ የምትጨምረውን ብቻ አትቁጠር፤ በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ሽሮው ቀድሞ ጨው ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል።

ጓደኛህን ስትጠይቅ

«ደህና ነህ?» ካልከው «ይመስገን» ብሎ ይዘጋዋል። ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። በምትኩ በቁጥር የሚመለስ ጠይቅ፦ «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?»፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ የዘጋህ?» ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል።

ነገሩ ከከበደ በቀጥታ ጠይቀው፦ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተወው፣ የፀረ ተባይ መድኃኒትም ሆነ መሣሪያ ከቤቱ አውጡ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘኸው ሂድ። አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ ላሉ 988፣ እስራኤል ላሉ 1201።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በሌላ ቦታ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምር። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙዎች በ10ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። ከተሻለህም በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል። ጸበል የምትሄድ ከሆነ ሂድ፤ ክኒኑን ግን ይዘህ ሂድ፣ ጸበሉ ቦታም ዋጠው። ጓደኛህ የመጀመሪያ ቀጠሮው ላይ ብቻውን እንዳይሄድ አብረኸው ውጣ፤ ወረፋው ላይ ተቀመጥ፣ ሲወጣ ምን እንዳሉት ሳትጨቀጭቀው ቡና ጋብዘው።