ራሳችሁ የሠራችኋትን የእንጨት ጀልባ እንዴት ጨርሳችሁ ስም ታወጡላታላችሁ

ፕላይውዱ በኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ተጣብቋል። ጀልባዋ ቅርጿን ይዛለች። የሸራው ምሰሶም ጥግ ላይ ተጋድሟል። እዚህ ሲደርስ የብዙ ሰው ልብ ወደ ሐይቁ ይሸፍታል። እባካችሁ ታገሡ። የእንጨት ጀልባ ብዙ ጊዜ የምትበሰብሰው በአንዲት የብሎን ቀዳዳ በሚሰርግ ውሃ ነው።

መጀመሪያ እጠቧት። ኢፖክሲ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ያወጣል። እሱ ካልተነሳ ቀለም አይዝም። ለብ ባለ ውሃና በሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ፈትጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ቲነር አያስፈልግም፤ ቅባቱ በውሃ ይለቃል።

ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷት። በቁጥር 80 ጀምሩ፣ 120 አስከትሉ፣ በ220 ጨርሱ። ጓንትና የአቧራ ጭንብል አትርሱ። የኢፖክሲ አለርጂ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ለመሪውም ሆነ ለገመድ ማሰሪያው፣ ከብሎኑ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ብሱ። በኢፖክሲ ሙሉት። በማግስቱ መሐሉን በብሎኑ ልክ ደግማችሁ ብሱት። ብሎኑ ኢፖክሲውን ብቻ ይነካል፣ እንጨቱ ውሃ አያገኘውም። እኔ በመጀመሪያዋ ጀልባዬ ይህን ዘለልኩት። በሁለተኛው ዓመት የመሪው ማያያዣ ዙሪያ ጠቁሮ አገኘሁት። ያን ሁሉ ቆርጬ ማውጣት ነበረብኝ።

ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። ስለዚህ በላዩ ቀለም፣ ወይም ፀሐይ የሚከላከል የጀልባ ቫርኒሽ ይቀባል። እንጨቱ እንዲታይ ከፈለጋችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ቀቡ፣ በየመሐሉ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርጉት። የቫርኒሹን ቆርቆሮ አትነቅንቁ፣ አረፋ ይፈጥራል፤ በቀስታ አማስሉት። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ውሃ እርጩ። እኔ ያለሁት ሲያትል ነው፤ እዚህ ለቫርኒሽ የሚሆኑት ደረቆቹ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ጤዛው ከተነሳ በኋላ ጀምሩ፣ ከቀጥተኛ ፀሐይ ግን ሽሹ። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፦ አንዱ በሮለር ይቀባል፣ ሌላው ወዲያው በብሩሽ ጫፍ ያስተካክላል። ቫርኒሽ የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትተዉ። ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። አገራችን የፈረስ ስም የምታውቅ አገር ናት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው ተጠርተዋል። ጀልባም እንዲሁ ናት። ወደብ ላይ ሰው የሚያውቃችሁ በእሷ ስም ነው።

ስሙ አጭር ይሁን። በሬዲዮ የአደጋ ጥሪ ሲደረግ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ይባልና የጀልባዋ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። «ጭልፊት» ደስ የሚል ስም ነው፤ ግን «ጭ»ን የማያውቅ ጆሮ አይይዘውም። «ጣና» ወይም «ዋልያ» ይቀላል። ያሰባችሁትን ስም አማርኛ ለማይችል ጓደኛ በስልክ ንገሩትና ይጻፈው። ሁለቴ ከሳተ ሌላ ፈልጉ።

ከኋላዋ ሳንቃ ላይ በፊደላችን ጻፉት፣ ከሥሩ በላቲን። በወረቀት አትማችሁ ለጥፉ፣ በእርሳስ አስምሩ፣ በቀጭን ብሩሽ ሙሉት። ሲደርቅ ቫርኒሽ ደርቡበት። ቁመቱ ከ10 ሳንቲሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ «ሊ» እና «ሌ»ን የሚለያቸው ትንሽ ምልክት ከሩቅ ይጠፋል።

አሜሪካ ውስጥ ሞተር የምትገጥሙላት ከሆነ ግን ስም ብቻ አይበቃም። ከግዛቱ ተመዝግባ ቁጥሯ አፍንጫዋ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ቢያንስ በ3 ኢንች ቁመት ይጻፋል። ቤት ለተሠራች ጀልባም ግዛቱ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ይሰጣል።

ውሃ ስትገባ ስሟን መጀመሪያ ጮክ ብሎ የሚጠራት አብሯችሁ ያለሰለሳት ሰው ይሁን። ከዚያ ገመዷን ሳትፈቱ ግማሽ ሰዓት አቆዩዋት፣ የወለሏን ጥጎችም በደረቅ እጅ ዳብሱ።