ከግዴታ ዝማሬ ወደ ልብ አምልኮ

«ዛሬ አልዘመርኩም፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶብኛል» የሚል ፍርሃት ካለብህ፣ ለጊዜው የምትዘምረውን ቀንስ። አዎ፣ ቀንስ።

አንድ መዝሙር ብቻ ምረጥና ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብለህ አንብበው። ስንኙ የሚያወራው እኔ ስለማደርገው ነው ወይስ ክርስቶስ ስላደረገው? «እሆናለሁ፣ አደርጋለሁ» ብቻ ከሞላበት አስቀምጠው፤ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን አንተ ላይ ሸክም ስለሚጨምር ነው።

ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስህ ላይ መዝሙረ ዳዊት 13ን ክፈት (በግዕዙ ዳዊት 12 ነው)። ዳዊት «እስከ መቼ?» እያለ በቅሬታ ይጀምራል፣ ነገሩ ገና ሳይፈታለት ደግሞ በዝማሬ ይጨርሳል፤ ስለዚህ አንተም ቅሬታህን ሳትደብቅ፣ በራስህ ቃል፣ ዜማው ቢበላሽም ዘምረው። በተለይ በወደቅክበት ቀን። «መጀመሪያ ልስተካከል» ካልክ እኮ ተመልሰህ «በሥራዬ ተቀባይነት ላግኝ» ወደሚለው ሕግ ገባህ።

ጉባኤ ላይ «እጃችሁን አንሡ» ሲባል ካልመጣልህ አታንሳ። ማልቀስና መዝለልም አዲስ ሕግ ሆኖብናል! አምልኮ የምትመራ ከሆንክ ደግሞ የማያጨበጭበውን ሰው አትገሥጽ፤ አንዳንዴ ኪቦርዱን አስቁመህ ምእመኑ በራሱ ድምፅ ብቻ ይዘምር።