መኪናው ታሟል ወይስ ከብዷል? የትልቅ ግራንድ ቱሪንግ ኩፔ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጓደኛዬ ዱባይ ውስጥ ያገለገለ ግራንድ ቱሪንግ፣ ማለትም ረጅም መንገድ በምቾት ለመሄድ የተሠራ ትልቅ ባለ ሁለት በር ኩፔ ገዛ። ከዚያ በፊት የሚነዳው ትንሽ ስፖርት መኪና ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ደወለልኝ።

«ተሸውጃለሁ መሰለኝ» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ኩርባ ላይ አይታዘዘኝም። ፍሬኑ ይሸታል። መሪው ደግሞ እንደ በድን ነው።»

«አል አይን፣ ጀበል ሀፊት ተራራ ላይ ወስደኸው ነው እንዴ?»

ዝም አለ። ወስዶታል።

ከነገረኝ ነገር ግማሹ የመኪናው ባህሪ ነበር። ሩቡ የእሱ አነዳድ ነው። የቀረው ግን እውነተኛ ብልሽት ነበር። ሦስቱን ካልለየህ ጋራዥ ለጋራዥ ስትዞር ገንዘብህ ያልቃል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን እንነጋገር፤ የሁሉም ነገር ሥር እሱ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የመጀመሪያውን ቤንትሌ ኮንቲኔንታል ጂቲ እንውሰድ። 12 ሲሊንደር፣ 6 ሊትር፣ ሁለት ተርቦ፣ በአራቱም ጎማ የሚስብ። ክብደቱ 2,385 ኪሎ ነው። ፖርሽ 911 ካሬራ፣ 992 የሚባለው ትውልድ፣ 1,505 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትንሿ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ደግሞ አንድ ቶን አካባቢ ናት። ከቤንትሌው ላይ ማዝዳዋን ቀንስ። የሚቀረው ሌላ ማዝዳ ሆኖ ይተርፋል።

ታዲያ እነዚህን አንድ ዓይነት ኩርባ ላይ አስገብቶ አንድ ዓይነት መልስ መጠበቅ ለምን?

ባህሪ ወይስ ብልሽት?

እኔ የምጠቀምበት መለያ ቀላል ነው። ባህሪ በግራም በቀኝም ኩርባ እኩል ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። ብልሽት ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ባለፈው ወር ያልነበረ ሆኖ ይመጣል፣ ከሳምንት ሳምንት ይብሳል። መሪው ወደ ቀኝ ብቻ የሚጎትት ከሆነ «ከባድ ስለሆነ ነው» የሚልህን ሰው አትስማ። ክብደት ቀኝና ግራ አይመርጥም።

«ኩርባ ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄድብኛል»

በብዛት የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። መሪ ታዞራለህ፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ያምረዋል። ደንግጠህ መሪውን ትጨምራለህ። ይብስበታል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የሞተሩ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ኮንቲኔንታል ጂቲ ላይ የሞተሩ አብዛኛው ክፍል ከፊት ጎማዎቹ መስመር ቀድሞ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ሦስተኛው ትውልድ የፊት ጎማዎቹ 135 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ተገፍተው ሞተሩ ወደ ኋላ የገባው አለምክንያት አይደለም። 911ን እይ፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ አፍንጫው ቀላል ነው፣ ገና መሪውን ስትነካው ይዞራል። (የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።)

ሁለተኛው ጎማ ነው። ጎማ ላይ የጫንከው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚይዝልህ ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያንሳል። በኩርባ ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ ውጭኛው የፊት ጎማ ይሄዳል። አንድ ጎማ የሁሉንም ሥራ ተሸክሞ ይቆያል። በቁጥር ላሳይህ። 50 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትዞር የ911ን ጎማዎች የሚጠይቃቸው የጎን ኃይል 8,400 ኒውተን ያህል ነው። ቤንትሌው 13,000 አልፎ ይጠይቃል። ሰፊ ጎማ የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ግን ስፋት ብቻውን ሁሉንም አይመልስም።

መፍትሄው ከእግርህ ይጀምራል። ፍሬኑን ኩርባው ሳይደርስ፣ መኪናው ቀጥ እንዳለ ጨርስ። ስፖርት መኪና ላይ ከለመድከው ቀደም ብለህ ያዝ። ከዚያ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ልቀቅና መሪውን አንድ ጊዜ፣ ሳትነቀንቅ አዙር። አፍንጫው ወደ መውጫው እስኪያይ ነዳጅ አትስጥ። ካየ በኋላ ግን ስጥ፤ አራቱም ጎማ የሚስብ ከሆነ ከኩርባ ሲወጣ እንዴት እንደሚስፈነጠር ታያለህ። ብዙ ሰው ግን ፈጥኖ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። በከባድ መኪና የሚያዋጣው ቀስ ብሎ ገብቶ ፈጥኖ መውጣት ነው።

አፍንጫው ወጣብህ? መሪውን አትጨምር። ነዳጁን በዝግታ ቀንስ፣ መሪውን ትንሽ መልስ፣ ጎማው መልሶ ይይዛል። መረጋጊያውን ኤሌክትሮኒክስም አታጥፋ። ያጠፋኸው ቀን ወንድ ያደረገህ ከመሰለህ ተሳስተሃል።

አነዳድህን አስተካክለህ ችግሩ ካልለቀቀ ወደ ጎሚስታው ሂድ። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ነው፤ ልኩ በሹፌሩ በር ምሶሶ ወይም በነዳጅ መክደኛው ላይ ተጽፏል። ባህረ ሰላጤ አገር እኩለ ቀን ላይ፣ ከነዱ በኋላ ለክቶ ንፋስ ማውጣት የተለመደ ስህተት ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ልሞ ያድራል። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በአራቱም ጎማ በሚስብ መኪና ላይ ያለቀና አዲስ ማደባለቅ መንገድ አያያዙን ብቻ ሳይሆን ጉልበት አከፋፋዩንም ይጎዳል። የጓደኛዬ መኪና ፊት ላይ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ጎማዎች ነበሩ። የሸጠለት ሰው ርካሹን ገጥሞ፣ በደንብ አጥቦ፣ አብርቶ ነው የሰጠው።

«ፍሬኑ ይሸታል፣ ፔዳሉ ይረዝማል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው።

ፍሬን መኪናን አያቆምም ብል አትሳቅ። የሚሠራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። 2,385 ኪሎ በሰዓት 100 ሲሄድ ወደ 920 ኪሎ ጁል ጉልበት ተሸክሟል። 911ዱ 580 ገደማ ነው። ማዝዳዋ 400ም አትሞላ። ፍጥነቱ ወደ 200 ሲያድግ ሁሉም በአራት ይባዛል። አንድ ጊዜ ድንገት ብትቆም ከባዱ መኪና ጥሩ ጎማና ትልቅ ዲስክ ስላለው ከስፖርት መኪናው ብዙም አይርቅም። የመጀመሪያው ኮንቲኔንታል ጂቲ የፊት ዲስኩ 405 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዳንድ ቤት መኪና ቸርኬ አይበልጠውም። ችግሩ የሚመጣው ለአምስተኛና ለስድስተኛ ጊዜ ስትቆም ነው። ሙቀቱ መውጫ ሳያገኝ ሌላ ሙቀት ይጨመርበታል።

በአባይ በረሃ የወረደ ሰው ይሄ ይገባዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከፊትህ ያለው ጭነት መኪና የፍሬን ሸራው ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቀዋለህ። በሂሳብ ከሄድን አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ መውረድ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ እንደ መቆም ነው። ነፋሱና ጎማው ትንሽ ያግዛሉ፣ የቀረውን ሁሉ ዲስኩ ይጠጣል። ቅንጦተኛ ወንበር ይሄን አይቀይረውም።

መፍትሄው የጭነት ሹፌሩ ዘዴ ነው፤ በማርሽ ውረድ። ማርሹን በእጅ አድርገህ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ላይ ያዘው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ፍሬኑን ስትነካው ጠንከር አድርገህ ለአጭር ጊዜ ያዝና ልቀቅ። ስስ አድርጎ እየረገጡ መውረድ ሸራውን ፋታ ነው የሚነሳው። ታች ስትደርስም ወዲያው አቁመህ ፔዳሉን ረግጠህ አትቀመጥ። ጥቂት ኪሎ ሜትር በዝግታ ንዳው፣ ንፋስ ያግኝ።

ፔዳሉ ከረዘመና እንደ ስፖንጅ ከላላ ጥርጣሬው የፍሬን ዘይቱ ላይ ነው። ዘይቱ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ከፈላ አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ እግርህ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። ያገለገለ መኪና ገዝተህ የመጨረሻው መቼ እንደተቀየረ ካላወቅክ ዛሬ ቀይረው።

ፔዳሉ ደህና ሆኖ መሪው ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነገሩ ዲስኩ ነው። ብዙ ጊዜ የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ እኩል ያልሆነ ፊት ትቶበታል። ውፍረቱን በሚክሮሜትር የሚለካልህ ጋራዥ ፈልግ። በዓይኑ አይቶ «ዲስክ ግዛ» የሚልህን ተወው፤ የእነዚህ መኪናዎች ዲስክ ዋጋ ያስለቅሳል።

«እንደ ጀልባ ይዋዥቃል»

መጀመሪያ አቀማመጡን እይ። መኪናው «ኮምፎርት» ላይ ከሆነ መዋዠቁ ሥራው ነው። ወደ ጠንከር ያለው አሳልፈህ ያንኑ መንገድ ድገመው። ልዩነት ካለ መኪናህ ደህና ነው። በሦስተኛው ትውልድ ቤንትሌ ላይ ማጋደልን የሚቃወም በ48 ቮልት የሚሠራ ሞተር አለ፤ ኩርባ ላይ ገላውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ ክብደቱ አይሰማህም። ክብደቱ ግን የትም አልሄደም፤ ጎማው ያውቀዋል።

ልዩነት ከሌለ፣ ወይም ጉብታ አልፎ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነጥር ከሆነ፣ ሾክ አብዞርበሩ አልቋል። ጠዋት ስትነሳ አንድ ጎኑ ቁጭ ብሎ ካገኘኸው ደግሞ በሞላ በአየር መኪናውን የሚሸከመው የአየር ከረጢት ያፈስሳል። ከረጢቱ ጎማ ነው፤ ጎማ ያረጃል፣ በሙቀት አገር ደግሞ ቶሎ። ሜትር አውጣ። ማታ ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ አራቱንም ለካና ጻፍ። ጠዋት ድገመው። ማንኛው እንደወረደ ወረቀቱ ይነግርሃል።

ማፍሰሱን ሳይዘጉ ከረጢቶቹን በአየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰር መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው። የድሮው የተቃጠለው የሚያፈስስ ከረጢት ሲሞላ ውሎ ሲሞላ ስለሚያድር ነው። አዲሱም ያው ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ ለጎሚስታው ንገረው፤ የአየር ሱስፔንሽን ያለው መኪና ክሪክ ሳይገባበት በፊት ለመነሳት የተሠራው አቀማመጥ ላይ መሆን አለበት።

«መሪው አይናገርም»

ባህሪ ነው፣ ተቀበለው። የመንገዱን ሻካራነት ከእጅህ ለማራቅ ብዙ መሐንዲስ ደክሞበታል። ማዝዳዋ ላይ ጠጠሩን ትቆጥራለህ፣ እዚህ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እጅህ አይደነዝዝም።

ከ100 እስከ 120 ባለው ፍጥነት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማ ባላንስ አሠራ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚንከራተት፣ ወይም የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ የሚበላ ከሆነ ደግሞ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል። ግን ከአላይመንቱ በፊት ቦኮላዎቹ፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት የላስቲክ ትራሶች፣ ይታዩ። ሁለት ቶን ከምናምን የተሸከመ ቦኮላ ቶሎ ይላላል፤ የላላ ነገር ላይ የተሠራ አላይመንት ሳምንት አይቆይም። የጓደኛዬ ትክክለኛ ብልሽት ይሄ ነበር። የፊት ቦኮላዎቹ ተቀየሩ፣ ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ሆኑ፣ አላይመንት ተሠራ። በድን ያለው መሪ ግማሽ ነፍስ ዘራ። ሙሉ ነፍስ አይዘራም።

«ትንሿ መኪና ተራራ ላይ ጥላኝ ትሄዳለች»

አዎ፣ ትሄዳለች። መድኃኒት የለውም። ጠባብና ጥምዝምዝ መንገድ ላይ አንድ ቶን ሁልጊዜ ሁለት ቶን ተኩልን ያሾፍበታል። ሜዳው ላይ ስትወጣ ትደርስባታለህ፣ ቀጣዩ ኩርባ ላይ እንደገና ታጣታለህ። እልህ ከያዘህ የሚያልቀው ጎማህና ሸራህ ነው።

ጓደኛዬ በክረምቱ ጭጋግ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ በዚያው መኪና ከዱባይ ኦማን ውስጥ ወዳለችው ሰላላ ሄደ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው ቀጥ ያለ በረሃ። ሰላላ ሳይደርስ፣ ከቱምራይት ከተማ በኋላ ያለውን ተራራ ሊወርድ ሲል ደወለልኝ።

«ሦስተኛ ማርሽ ይበቃል?» አለኝ።

«ጭጋግ አለ?»

«ፊቴ አይታይም።»

«ሁለተኛ አድርገው።»

ማታ ሆቴል ገብቶ መልእክት ላከ። «አልሸተተም» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።