ከሟች የትዳር ጓደኛ ሀብት ላይ ድርሻንና ቀለብን ለመጠየቅ የሚረዳ መመሪያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው ንብረት በመጀመሪያ ለልጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉ ለወላጆቹ፣ ከዚያም ለሌሎች የሥጋ ዘመዶቹ ያስተላልፋል እንጂ ባልን ወይም ሚስትን በሕግ ወራሾች ተራ አያስገባም። በዚህ ምክንያት ባል የሞተባቸው ብዙ እናቶች «ወራሽ አይደለሽም» ሲባሉ ከነአካቴው መብት የሌላቸው እየመሰላቸው ለፍተው ከሠሩት ቤት ይወጣሉ። ይህ ከባድ በደል ነው፤ የሚስት ዋነኛ መብት የሚመነጨው ከውርሱ ሳይሆን ከጋብቻው ነውና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጋብቻውን ማስረዳት ነው። የጋብቻና የሞት የምስክር ወረቀት ይያዙ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለ፣ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን ጎረቤትና ዘመድ ቀርቦ ሊመሰክር ይችላል፤ በአዲስ አበባ የባልና ሚስትነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው የባንክ ገንዘቡን ሊያወጡ ወይም ቤቱን ሊያዛውሩ ይችላሉ የሚል ሥጋት ካለ፣ የጋራ ንብረቱ ሳይከፋፈል እንዳይንቀሳቀስ እግድ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን ሳይዘገዩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የጋራ ንብረቱ ይለያል፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይህ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። አብዛኞቹ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በዚያ የሚኖር ሰው የክልሉን ሕግ መመልከት አለበት። ለምሳሌ ባልየው በጋብቻ ዘመን ገዝቶ በስሙ ያስመዘገበው ቤት ግምቱ 1,200,000 ብር ቢሆንና ለትዳሩ ጥቅም የተበደሩት 200,000 ብር ዕዳ ቢኖር፣ በቅድሚያ ዕዳው ይቀነሳል፤ ከቀረው 1,000,000 ብር ውስጥ 500,000 ብሩ የሚስት የራሷ ሀብት ነው፤ ለወራሾች የሚተላለፈው ሌላው 500,000 ብር ብቻ ነው። በአቤቱታው ላይም «ውርስ ይካፈልልኝ» ሳይሆን በቅድሚያ «የጋራ ንብረት ድርሻዬ ይለይልኝ» ተብሎ ይጻፍ። በገጠርም የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም የወጣ ከሆነ ዋናው ማስረጃ እርሱ ስለሆነ ለማንም አሳልፎ መስጠት አይገባም። በሐዘኑ ሰሞን፣ ሽማግሌ ተሰብስቦም ቢሆን፣ በሚገባ ያልተነበበ የስምምነት ወረቀት ላይ መፈረም አደገኛ ነው፤ ፊርማው በኋላ መከራከሪያ ሆኖ ይመጣል።

ድርሻዋ ተለይቶም ኑሮዋ የማይሸፈን ከሆነ ከውርሱ ላይ ቀለብ መጠየቅ ትችላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውርሱ ላይ የሚከፈሉትን በተራ ያስቀምጣል፤ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ቀጥሎ ቀለብ፣ በመጨረሻ ሟቹ በኑዛዜ ለይቶ የሰጣቸው ስጦታዎች ይከፈላሉ። ቀለብ ከዕዳ በኋላ መምጣቱ ብዙ ዕዳ ባለበት ቤት ተስፋን ያጠብባል፤ ከኑዛዜ ስጦታ መቅደሙ ግን ትልቅ ጥቅም ነው። ጥያቄው ውርሱ ተከፋፍሎ ሳያልቅ ለውርስ አጣሪው፣ ማለትም የሟቹን ሀብትና ዕዳ ለሚያጣራው ሰው፣ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ካልተቀበለው ወደ ፍርድ ቤት ይወሰድ። ሟቹ ያስተዳድራት እንደነበር፣ ገቢ እንደሌላት፣ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት አለመቻሏን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውልና የመሳሰለው ማስረጃ አብሮ ይያያዝ። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላት ሴት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠውን የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርን መጠየቅ ትችላለች።

ጡረታ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ የሚከፈል የጡረታ አበል የውርሱ አካል ስላልሆነ ወራሾች ሊካፈሉት አይችሉም። የጡረታ ሽፋን የነበረው ሠራተኛ ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል የሚከፈለው ሟቹ ያገኘው የነበረው ወይም ሊያገኝ ይችል የነበረው አበል 50 በመቶ ነው፤ ማመልከቻውም የውርስ ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በቀጥታ ለሚመለከተው የጡረታ መሥሪያ ቤት ይቀርባል።