ስለ ውስጥ አርበኞች ልብ ወለድ ስንጽፍ የምንስታቸው ነገሮች

በጠላት ወረራ ዘመን ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ታሪክ ገና ከበሩ ተሰናከለ። ጣልያን አዲስ አበባ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ጀግናዬ ጓደኛውን «ፒያሳ እንገናኝ» ይለዋል። ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ አዛውንት «ታዲያ ፒያሳን ማን ቀድሞ አመጣው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ ሰፈሩ አራዳ ነበር። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ የሚሉት ስሞች ከጣልያን ጋር የመጡ ናቸው።

ቀንም እንደዚሁ ጉድ ይሠራል። ጠላት ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ መጽሐፍ 1936 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሳትቀይሩ ከገለበጣችሁት ጀግናችሁ አገር ነጻ ከወጣች ሦስት ዓመት በኋላ በፋሽስት ይያዛል!

ሌላው ስውር ነው። በ1929 የሚኖር ገጸ ባሕሪ «በዚህ በአምስት ዓመቱ ወረራ» ሊል አይችልም። አምስት መሆኑን ማን ነገረው? እኛ ጠላት በ1933 እንደወጣ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ንጉሡ ወጥተዋል፣ ጠላት መንገድ ይሠራል፣ ሕንፃ ያቆማል፣ የሚሄድ አይመስልም። በዚህ ጨለማ ውስጥ ሆኖ «እምቢ» የሚል ሰው ነው የሚገርመው። ጸሐፊው መጨረሻውን ቀድሞ ካሾለከለት ግን ድፍረቱ ይረክሳል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ሁሉንም ተኳሽ ማድረጋችን ነው። ውስጥ አርበኛ የተባለው እኮ ጫካ ስላልገባ ነው። ከጠላት አፍንጫ ሥር እየኖረ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ ወደ ዱር የሚልክ ሰው ነው። «ነገ ሌሊት ወደዚያ ይወጣሉ» የምትል አንዲት ቃል ከአንድ ምንሽር በላይ ሰው ታድናለች። ስለዚህ በየገጹ ተኩስ ከመክፈት ሃያ ጥይት ኬላ እንዴት እንደሚያልፍ አስቡ። ማን ተሸከመው? በምን ሸፈነው? ፍተሻው ላይ ልጁ ቢያለቅስስ? መልእክተኛው በቀኑ ሳይመለስ ሲቀር እቤት ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ያቃጥላል? ይሸሻል? ወይስ ምንም እንዳልሆነ ሥራው ይገባል? እኔ ብሆን ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ መጠበቅ እሰጣለሁ።

ሴቶችን አልቃሽና ስንቅ አቀባይ ብቻ ማድረግም ይብቃ። ሸዋረገድ ገድሌ ንብረታቸውን ሸጠው አርበኛ አስታጥቀዋል፣ ተይዘው ተሠቃይተዋል፣ ወደ ጣልያን ተግዘዋል። እንዲህ ያለ ሰው በእውነት እያለ በልብ ወለድ ውስጥ ሴቷን ከማጀት አለማውጣት ስንፍና ነው።

ባንዳውስ? ብዙ ጊዜ ሆዳም፣ ፈሪና አስቀያሚ አድርገን እንሥለዋለን። አንባቢ ገና ሲያየው ያውቀዋል፣ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። እውነቱ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ከሁለቱ ኤርትራውያን አንዱ አብርሃ ደቦጭ ራሱ የጣልያን ተቀጣሪ ነበር። ከዚያች ቀን በፊት በመንገድ ያየው ሰው ምን ብሎት ይሆን? ከጠላት ጋር የገቡ አስካሪዎችም፣ ማለትም ለጣልያን የሚዋጉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ እየከዱ ወደ አርበኛው ተቀላቅለዋል። በየትኛው ወገን እንደቆመ ጎረቤቱ ያልገባው ሰው ነው ጥሩ ገጸ ባሕሪ።

ያች ቀን ሌላም ታስተምረናለች። በልብ ወለዳችን ቦምቡ ይፈነዳል፣ ጀግናው ያመልጣል፣ ምዕራፉ ይዘጋል። በእውነት ግን ከፍንዳታው በኋላ ሦስት ቀን ከተማዋ ታረደች። ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ስለዚህ ከድርጊቱ ማግስት ያለውን አትዝለሉት። ምንም የማያውቀው ጎረቤት ልጁ ሲገደልበት ጀግናውን እንዴት ያየዋል? ይህን ጥያቄ ብዙ ጸሐፊ ይሸሸዋል፤ የአርበኛውን ክብር የሚቀንስ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላይም።

ገንዘብም አትርሱ። ጠላት ሊሬ ቢያመጣም ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራ ብሩን ነበር። ገበያ ላይ ያለች አንዲት የክፍያ ጠብ ብዙ ገጽ ገለጻ ትተካለች።

በመጨረሻ ቋንቋ። በብዙ ረቂቅ ውስጥ የጣልያን መኮንን አማርኛውን እንደ ጎጃም ደብተራ ያፈሰዋል። እንዲህ ሲሆን አስተርጓሚው ከታሪኩ ይጠፋል፣ እሱ ደግሞ ከክፍሉ ውስጥ ትልቁ ሰው ነበር። መኮንኑ ይጠይቃል፣ ሴትዮዋ ትመልሳለች፣ በመሃል ሁለቱንም የሚሰማው አንድ ብቻ ነው። የልጇን ስም አምልጧት ጠርታለች። አስተርጓሚው ጎሮሮውን ይጠርጋል፣ ወደ መኮንኑ ይዞራል፣ እና ሌላ ስም ይናገራል።